ትዕግሥት ከሥራ ጋራ

ትዕግሥት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ትዕግሥት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። እውነተኛ ትዕግሥተኛ የሚፈልገው በር እስኪከፈትለት ድረስ በእጁ ያለውን ሥራ ይሠራል። የሉተራውያን ሚሲዮን ወደ ኦሮሞ አገር የደረሰበት ታሪክ ይህን ያስረዳል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. በጀርመን አገር ያለው የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን መርከብ አሠርቶ መልእክተኞቹን ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ላከ። መርከቢቱንም በሐዋርያት ሥራ በተጻፈችው በኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ስም ሰየማት። ነገር ግን መልእክተኞቹ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መግቢያ አጥተው ወደ ደቡብ ወደ ናታል ሄዱ። ሚሲዮኑ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ74 ዓመት በኋላ በ1927 ነው።

በ1866 ደግሞ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ምጽዋ ደረሱ። ለእነርሱም ወደ ኦሮሞ አገር የሚወስደው መንገድ ተዘጋባቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በበሽታ ሞቱ። የቀሩት ግን በምጽዋና በአጠገቧ ባለችው በእምኩሉ ከባርነት ነጻ የወጡትን ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ በኢሉባቦር የተወለደው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። የልጅነት ስሙ ሒካ ነበረ፤ ይህም በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ሰው ሻጮች ሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሸጡት። በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ትምህርቱንም በስዊድን አገር ከፈጸመ በኋላ በ1881 ወደ ወገኖቹ ለመሄድ ተነሣ። በሱዳን በኩል ሞክሮ ተመለሰ፤ በሌላም መንገድ ሞክሮ ዳግመኛ ተመለሰ።

ኦነሲሞስ ግን ተቀምጦ አላለቀሰም። ራሱ ወደ አገሩ ለመግባት ባይችል፣ ቃሉ በአገሩ ቋንቋ ይገባ ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስን ይተረጉም ጀመር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአገሩ ስለ ራቀ የቋንቋው ብዙ ቃል ጠፍቶበት ነበር። በ1886 ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ረዳችው። እርስዋ ኦሮምኛን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና ወደ 15,000 የሚሆን ቃል ሰበሰበች። በ1894 የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ አብረው አሳተሙ። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው።

በ1904 መንገዱ ተከፍቶ ኦነሲሞስ ነቀምቴ ገባ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ዛሬ በአምቦና በጉደር ያልፋል፤ በመኪናም በአንድ ቀን ይደረሳል። እርሱ ግን ከተነሣ እስኪደርስ ድረስ 23 ዓመት ፈጀበት። ከደረሰም በኋላ ተከሶ እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ ሆኖም ፊደል ማስተማሩን አልተወም። በ1931 በነቀምቴ አረፈ።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ሥራ ባሕር ተሻግረው የመጡት የውጭ ሰዎች ሥራ ነው ይላል። እነዚያ አገራቸውንና ዘመዳቸውን ትተው መጥተዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን መርከብ ሰውን ከጠረፍ ያደርሳል እንጂ ቃልን ከልብ አያደርስም። ቃልን ከልብ የሚያደርሰው በእናት ቋንቋ ሲነገር ነው። ይህንም የፈጸሙት እንደ ዕቃ ተሸጠው የነበሩ የአገር ልጆች ናቸው። ስለዚህ የሚሲዮን ታሪክ ሲነገር የኦነሲሞስና የአስቴር ስም ከኋላ ሊጠራ አይገባም።

በጉደርም ሆነ በሌላ ስፍራ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከዚህ ይማር። ደብተር ቢያጣ፣ ትምህርት ቤቱ ቢርቅበት፣ የተመኘው ነገር ቢዘገይበት፣ በሩ ተዘግቷል ብሎ ሥራውን አይተው። ያወቀውንም ለራሱ ብቻ አያስቀር፤ ማንበብ ለማይችሉት ለአባቱና ለእናቱ በሚሰሙት ቋንቋ ያንብብላቸው። በተዘጋ በር ፊት የሚሠራ ሰው በሩ በተከፈተ ጊዜ ባዶ እጁን አይገባምና።