የአባባ ሳይክል

አባቴን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ቤት የሚያገኛቸው ሰው የለም። ቁርሳቸውን ቀምሰው፣ የሱሪያቸውን የቀኝ እግር በላስቲክ አስረው፣ አሮጌዋን የኮርስ ሳይክላቸውን ከሳሎኑ ጥግ ያወጡና ከዲላ ወደ ወናጎ ይነዳሉ። ወናጎ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው ያስተማሩ ወዳጃቸው አሉ። እዚያ ቡና ጠጥተው፣ የድሮ ተማሪዎቻቸውን አንስተው ጥለው፣ ለምሳ ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው 71 ነው።

ባለፈው ጥቅምት የ14 ዓመቷ ልጄ ብቻዬን ስታገኘኝ ጠብቃ፣ “አባባ እኮ ወናጎ አይደርሱም” አለችኝ።

ከጓደኛዋ ጋር ከከተማው መውጫ ወዲያ ሄዳ ኖሯል። ከዳገቱ ሥር አባባ ሳይክላቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ልትጠራቸው ስትል የእጅ ሰዓታቸውን አዩና መልሰው ቁጭ አሉ። ጊዜ እየገፉ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆን ብላ ሄዳ አየቻቸው፤ ያው ድንጋይ ላይ ናቸው። በሁለቱም ቀን ምሳ ላይ “ወናጎ ሁሉም ሰላም ነው” ብለውናል።

እኔም እንደ ብዙ ልጆች መፍትሔውን በግዢ ፈለግሁት። እራት ላይ፣ የሰማሁትን ሳላነሳ፣ “አባባ፣ ይቺ ሳይክል አርጅታለች፤ አዲስ እንግዛልዎትና እሷን እንገላገላት” አልኳቸው። እንጀራውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና “እኔንስ?” አሉኝ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ሳይክሏ ጣልያን ሠራሽ ናት። አባባ በወጣትነታቸው፣ የመጀመሪያዎቹን የመምህርነት ደመወዞች አጠራቅመው፣ ከአስመራ ካመጣት ሰው ላይ ገዟት። ቴላዮዋ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ ቀለሟ ቢፋቅም ዝገት አልገባትም። ልጄን በሕፃንነቷ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲያስጎበኟት፣ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ ይነግሯት ነበር። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደግሞ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

እንዲህ ያለችውን ሳይክል ነው “እንገላገላት” ያልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት በማግስቱ ወደ ሳይክል ሠሪው ሄድኩ። ልጁ ወጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የቻይናና የህንድ ሳይክሎችን ነው። የአባባን ሳይክል ከድሮም ስለሚያውቃት፣ “ሳይክሏ ምንም አልሆነችም፤ ማርሿ ነው ለወጣት የተሠራው” አለኝ።

ሒሳቡን መሬት ላይ በጠመኔ አስረዳኝ። የአባባ ሳይክል ከፊት ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ ሁለት ማርሾች አሏት። ከኋላ ስድስት ናቸው፤ ትልቁ ባለ 24 ጥርስ ነው። ለዳገት የሚቀለው 42 በ24 ነው ማለት ነው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ 1.75 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሰውየው ራሱንና ሳይክሉን 3.7 ሜትር ዳገት ይገፋል። የ25 ዓመት ጉልበት ይህን ይችላል፤ የ71 ዓመት ጉልበት ግን ያማል። በዛሬዎቹ ማርሾች ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ማድረግ ይቻላል። ያኔ በአንድ ዙር የሚገፋው 2.2 ሜትር ብቻ ነው። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ የሚወጣው ግን በአጫጭር እርምጃ ነው።

ሁለተኛው ችግር ለእኔ የበለጠ አስፈሪ ነበር። በድሮ የኮርስ ሳይክል የማርሽ ማንሻው ያለው ከመሪው ላይ ሳይሆን ታች፣ ቴላዮው ላይ ነው። ማርሽ ለመቀየር አንድ እጅን ከመሪው አንስቶ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። የእኛ መንገድ ደግሞ የሞያሌው አውራ ጎዳና ነው፤ አይሱዙው፣ አውቶቡሱና ባጃጁ የሚጋፉበት። ማንሻው ከፍሬኑ እጀታ ጋር አንድ ሆኖ መሪው ላይ የተቀመጠው ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ያንን ሥራውን ለውድድር ሳይክሎች ካወጣ ወዲህ ነው።

ሦስተኛው ካቴናው ነው። ይህን ሳይክል ያለው አንባቢ ሁሉ ቤቱ በማስመሪያ ሊለካው ይችላል። ከአንድ ፒን ጀምሮ 24 ዓይን ሲቆጠር ርቀቱ 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። 30.7 ከደረሰ ተስቧልና ይለወጥ፤ ካልተለወጠ ጥርሶቹንም ይበላቸዋል። የአባባ 30.9 ነበር።

ስለዚህ ያስፈለገው አዲስ ሳይክል ሳይሆን ባለሙያዎቹ ግሩፕሴት የሚሉት ነው፤ ማለትም የፊትና የኋላ ማርሽ፣ ማርሽ ቀያሪዎቹ፣ ካቴናው፣ ማንሻና ፍሬኑ ባንድ ላይ። ቴላዮው ይቆያል።

አባባ ግን ይህንንም እምቢ አሉ። “ሆድ ዕቃዋን አውጥታችሁ ቆዳዋን ልትተዉልኝ ነው?” አሉ። ዳገቱ ሥር መቀመጣቸውን እንደማውቅ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ሁለት ሳምንት ተጨነቅሁ። አልነገርኳቸውም። አሁንም ደግ አደረግሁ እላለሁ፤ ሰው በገዛ ቤቱ የሚደብቀው ነገር ሲኖር፣ የሚያፍርበትን ከመግለጥ የሚያሳፍረውን ማስወገድ ይሻላል።

ያዳነን የወናጎው ወዳጃቸው ነው። ስለጠፉበት ራሱ በሚኒባስ ዲላ ድረስ መጣ። “አንተ ሰው፣ ምነው ጠፋህብኝ?” ሲል አባባ ወደ እኔ አላዩም፤ እኔም ጆሮዬ እንዳልሰማ ሆንኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የሳይክሏ ነገር ተነሣ። ወዳጃቸው ከጡረታ ወዲህ ገበሬ ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ ቡናን፣ እንሰትንና ትልልቅ ዛፎችን ባንድ ማሳ ያኖራል። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው።

“የጓሮ ቡናህ አርጅቶ ፍሬ ሲያሳጣህ ምን አደረግኸው?” ሲል ጠየቃቸው።

“ጎነደልኩት” አሉ አባባ።

“ነቀልከው?”

“ለምን እነቅለዋለሁ?”

ቡና ጉንደላን ለማታውቁ፣ ያረጀው ግንድ ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶለት ይቆረጣል። አቆራረጡ ሰያፍ ነው፤ ዝናብ ቁራጩ ላይ ተኝቶ እንዳያበሰብሰው። ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ይመረጣሉ፤ ሌላው ይነሣል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያው አሮጌ ሥር አዲስ ፍሬ ይሰጣል። አባባ ስኒያቸውን አዟዟሩና “ሳይክል ግን ቡና አይደለም” አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን፣ “የሚመጣው ዕቃ የቱ ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ አልነግረውም። አዲሱ አልተቻለንም። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ያገለገለ፣ ከኋላ ባለ ዘጠኝ ማርሽ የሺማኖ ሶራ ገዝታ በሰው ሻንጣ ላከችልን። የኋላውን ጎማ እኔ ከአዲስ አበባ ገዝቼ በአውቶቡስ አመጣሁት።

ሥራው የተጀመረው ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባባም መጥተው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የኋላው ቀላል ሆነ። የድሮው ቴላዮ የኋላ ክፍተት 126 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ ጎማ 130 ይፈልጋል። ብረት ስለሆነ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ገፋ ሲያደርጉት ይታገሣል። አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ቢሆን ግን እንዳይሞከር።

ጉዱ ያለው ፔዳሉ ዘንድ ነበር። ፔዳሉ የሚዞርበትን አሮጌ ኩሽኔታ ለማውጣት ልጁ በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን እንደለመደው ወደ ቀኝ ፈታ። አልንቀሳቀስ አለ። ዘይት ጨመረበት። ቁልፉ ላይ የውኃ ቧንቧ አስረዘመበት። እኔም ቧንቧውን አብሬው ተጫንኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ላባችን ተንጠፈጠፈ፤ ክዳኑ ግን እንደ ዓለት ጠነከረ። ልጁ “እንግዲህ ቶርኖ ቤት ወስደን እናስቆርጠው” አለ።

ያኔ አባባ ከበርጩማቸው ላይ፣ “እያጠበቃችሁት እኮ ነው” አሉ።

ዞረን አየናቸው።

“እናንተ የምታውቁት ሳይክል ፊሌቶው የእንግሊዝ ነው፤ የቀኙ ክዳን ወደ ቀኝ ይፈታል። ይቺ ጣልያን ናት። ሁለቱም በኩል ወደ ግራ ነው የሚፈታው።”

ልጁ ቁልፉን ወደ ግራ አዞረው። ሁለቴ ተጭነነው ሦስተኛው ላይ ጮኸና ለቀቀ። “ጋሼ፣ ለምን ቀድመው አልነገሩንም?” ቢላቸው፣ “ማን ጠየቀኝ?” አሉት። እውነታቸውን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ስለ ሳይክላቸው እህቴን፣ ሠሪውን፣ ነጋዴውን ጠይቄያለሁ። እሷን 40 ዓመት ሙሉ ፈተው የገጠሙትን ሰው ግን አንድም ነገር አልጠየቅኋቸውም።

ቅጣቴም ወዲያው መጣ። ከአሜሪካ የመጣው ኩሽኔታ የእንግሊዝ ፊሌቶ ነበረው፤ ስፋቱ 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። የጣልያኑ ቀዳዳ 36 ነው። አስገባነው፤ ሳይነክስ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ወደቀ። ጥፋቱ ሳልለካ ያዘዝኩት የእኔ ነው። ትክክለኛው በሌላ መንገደኛ ሻንጣ እስኪመጣ ሳይክሏ ሁለት ወር ያህል ተሰቅላ ቆየች።

ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለች አሮጌ ሳይክል ያለቻችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። የኋላው ክፍተት ስንት ነው? የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚገባበት ቱቦ ስፋቱ 68 ሚሊ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ነው፤ 70 ከሆነ የጣልያን። ማንሻው፣ ማርሽ ቀያሪው፣ የኋላው ማርሽና ካቴናው ለአንድ ዓይነት የማርሽ ብዛት የተሠሩ ናቸው? ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቷን ጠይቁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሳይክሏ ወረደች። አባባ አዲሱን 32 ጥርስ በጣታቸው ነክተው “ይሄ የሰነፍ ማርሽ ነው” አሉ። ልጄ ስልኳን አውጥታ፣ ዛሬ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ተራራ ሲወጡ ከኋላ 30 እና ከዚያም በላይ ጥርስ እንደሚጠቀሙ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። “ታዲያ ጽጋቡም?” አሉ። “ጽጋቡም” አለቻቸው፤ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

አሮጌዎቹን ዕቃዎች በጋዝ አጥበው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በካርቶን አልጋቸው ሥር አስቀምጠዋል። ማንም አይነካቸውም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሄዱ። እኔና ልጄ ዳገቱ ድረስ ተከትለን ለማየት ተነጋግረን ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለችን። በስድስት ሰዓት ተኩል የአባባ ወዳጅ ደወለልኝ። “አባትህ እዚህ ናቸው፤ ምሳ እዚሁ እንበላለን” አለኝ። ከጀርባው የአባባ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ስለ ጣልያን ፊሌቶ ለሆነ ሰው እያስረዱ ነበር።

አሁን ጭንቀታችን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት “ይርጋጨፌስ ዳገቱ እንዴት ነው?” ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።