አገሩ ከተማም ውስጥ ነው

አውስትራሊያን ሊጎበኝ የሚነሳ ሰው «እውነተኛው» አቦርጂናል በረሃ ውስጥ እንደሚገኝ ይነገረዋል። የአስጎብኚው ማስታወቂያ ቀይ አፈርና ዲጄሪዱ የሚነፋ ሽማግሌ ነው የሚያሳየው። ሲድኒ ባቡር ውስጥ ጂንስ ለብሶ ስልኩን የሚነካካው ወጣት ግን ባህሉን ከተማ የዋጠበት ተደርጎ ይቆጠራል። ሬድፈርን ሰንብቼ ያየሁት ከዚህ ጋር አይገጥምም። የዛሬው የአቦርጂናሎች ኑሮ ከተደገፈባቸው ተቋማት ዋና ዋናዎቹ የተወለዱት ከተማ ውስጥ ነው።

ሬድፈርን ከሲድኒ መሃል ቅርብ፣ በጋዲጋል ሕዝብ ምድር ላይ ያለ ሰፈር ነው። በኤቭሊ የባቡር ወርክሾፕና በአካባቢው ፋብሪካዎች ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጡ ቤተሰቦች ሰፈሩበት፤ ዘመድ ዘመዱን እየሳበ ሞላ። ፖሊስ ደግሞ ምሽት ላይ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ወጣቶቹን ያፍስ ነበር። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1970 ነጻ የሕግ አገልግሎት አቋቋሙ፤ በዓመቱ ክሊኒክ ከፈቱ። ሁለቱም በዓይነታቸው ለአገሪቱ የመጀመሪያ ናቸው። ኅብረተሰቡ ራሱ በመረጠው ቦርድ ክሊኒክ የማስተዳደር አሠራር ዛሬ በመላ አውስትራሊያ ከ140 በላይ በሆኑ ድርጅቶች ይሠራበታል።

ከተቋማቱ ይልቅ ግን እኔን የያዘኝ ዝምድናው ነው። አዛውንቷ «አንቲ»፣ አዛውንቱ «አንክል» ይባላሉ፣ በሥጋ ባይዛመዱም። አንድ ጎረምሳ ሱቅ በራፍ ላይ ሰላም ሲላቸው አንዲት አንቲ ስለ ሥራው አልጠየቁትም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወገኖቹ ከየት እንደመጡ ጠየቁት። ሁለት ሦስት ስም ተነሳ፣ አያቱን አወቋት፣ ወሬው ደራ። ሰው ሲሞትም ዘመድ ሥራውን ጥሎ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይደርሳል። (ይህ የማይገባው አለቃ ይኖራል፤ ለቅሶ መድረስን እያየ ያደገ ግን ማብራሪያ አያሻውም።)

በረሃን የእውነተኛነት መለኪያ ማድረግ የቱሪስት ቅዠት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት ካወቀው የ1992 የማቦ ፍርድ በኋላ የወጣው የ1993 ሕግ የመሬት ባለመብትነት የሚጠይቅ ወገን ከምድሩ ጋር ያለው ባህላዊ ትስስር ሳይቋረጥ መኖሩን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ሲድኒ ላይ ያሉት ከሁሉም ቀድመው ተነቀሉ። ቀድሞ የተነቀለ ደግሞ ማስረጃ ያንሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ይቀጣል ማለት ነው።

«ዘ ብሎክ» የሚባለው የሬድፈርን መንደር ግን ከዚህ ሕግ አስቀድሞ በግዢ የተያዘ ነው። የአቦርጂናል ቤቶች ኩባንያ ከ1973 ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትር ዊትላም መንግሥት ድጎማ ቤቶቹን እየገዛ ሰበሰበ። ቤቶቹ አረጁ፣ አደንዛዥ ዕፅ ገባ፣ በኋላም ፈረሱ። ኩባንያው በመልሶ ግንባታው የንግዱን ክፍል ሊያስቀድም ሲል ጄኒ ሙንሮ የተባሉ አዛውንት በ2014 ከሌሎች ጋር ድንኳን ተክለው «ቤት ይቅደም» ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጡ። ዛሬ እዚያው 62 መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከጎናቸው ባለ 24 ፎቅ የተማሪዎች ማደሪያ አለ። ኩባንያውን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ቢሆንም ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉትን ብዙ ቤተሰቦች ኪራይ ወደ ምዕራብ ሲድኒ ገፍቷቸዋል። ለአቦርጂናል ኑሮ የሚያሰጋው እንግዲህ የአስፋልቱ ዋጋ ነው፣ አስፋልቱ አይደለም።