ለጌም ብቻ? አዎ፣ ለጌም ብቻ!

አዳይቱን ለማታውቁ፤ ከአዋሽ ተነስታችሁ ገዋኔን አልፋችሁ ወደ ሚሌና ሰመራ ስትሄዱ መንገዱ ላይ የምታገኟት የአፋር ከተማ ናት። የጅቡቲ ከባድ መኪና ሲያልፍባት ይውላል፣ ሲያልፍባት ያድራል። ስለ ሙቀቱ ባላወራ ይሻላል። የገባሁት ሁለት ገጽ ደብዳቤ ላሳትም ነበር። ቤቷ ቀን ቀን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ናት፣ ማታ ማታ ጌም ቤት። ኮምፒዩተሩ ግን ያው አንዱ ነው።

ልጁ ማሽኑን ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ምርጫ መጣ። አንደኛውን «ስራ»፣ ሁለተኛውን «ጌም» ብሎ ሰይሞታል። ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል ዊንዶውስ፣ በሌላው በኩል ሊኑክስ ጭኗል። ሊኑክሱ ለምንድን ነው ስለው «ለጌም ብቻ ነው እህቴ» አለኝ። ከኋላዬ ፍላሻቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ ሰሙት። «ለጌም ብቻ? ምነው ይሄን እውቀትህን ቁም ነገር ላይ ብታውለው?»

ልጁ ፈገግ አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን ሲያቃጥለኝ ሰነበተ፣ ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ጋሼ፣ ቁም ነገር የሚሉትን እኔ ተምሬዋለሁ። በተማርኩበት ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ነበረ፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን አልነበረም። ኪቦርድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተስሎልን «ኮንትሮል ሲ ኮፒ ያደርጋል» የሚለውን እንደ ዳዊት ደግመናል። ፈተናውን ደፈንኩ። ማውስ በእጄ የነካሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው! ይሄ ልጅ ደግሞ ዲስክ መክፈል፣ ድራይቨር መፈለግ፣ ከጀርባ ሆኖ ራም የሚበላውን ፕሮግራም አንድ በአንድ ማጥፋት ያውቃል። ማን አስተማረው? ሳን አንድሪያስ እየተንቀራፈፈ አስቸገረው፣ አለቀ።

ነገሩ ቅብጠት የሚመስላችሁ ካላችሁ ቁጥሩን እዩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2005 ለኮምፒዩተር የወጣው ሳን አንድሪያስ በትንሹ የሚፈልገው ራም 256 ሜጋባይት ነው። የዛሬው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ገና ምንም ሳይሠራ በትንሹ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል። ጌሙን ሊሸከም የመጣው ከጌሙ 16 እጥፍ ይበላል ማለት ነው! በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ የሌለውን አሮጌ ማሽን አልቀበልም ይላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የአዳይቱው ማሽን እንግዲህ በኩባንያው ዓይን ቆሻሻ ነው። በልጁ ዓይን ግን እንጀራ ነው። ሙቀቱም አለ፤ ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደጁ በሚያቃጥልበት አገር ከጀርባ የሚሮጠውን ትርፍ ፕሮግራም ሁሉ ማጥፋት ቅብጠት አይባልም።

«ጌሙ የዊንዶውስ፣ ሲስተሙ የሊኑክስ፣ እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ዋይን የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ በመሃል ቁጭ ብሎ ያስተረጉማል። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንኑ ዋይን ይዞ በ2018 ፕሮቶንን አወጣ፤ በ2022 ለገበያ ያቀረበው ስቲም ዴክ የሚባለው የእጅ መጫወቻም የሚሠራው ስቲም ኦኤስ በተባለ፣ ከሊኑክስ በተሠራና ለጌም በተሰናዳ ሲስተም ነው። ፈረንጅ ሲሠራው ኢኖቬሽን፣ የአዳይቱ ልጅ ሲሞክረው ሥራ መፍታት!

ከአዳይቱ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ አዳማ ከመድረሳችሁ በፊት ወለንጪቲን ታልፋላችሁ። በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወለንጪቲ አካባቢና ወንጪ ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን አሽጎ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መስራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አምስት ወር ሳይሞላ ልጆቹ የአንድሮይዱን ቁልፍ ሰብረው የተዘጋውን ካሜራ ከፍተዋል። ዓለም አጨበጨበ፤ የኛም ሰው ዜናውን እየተቀባበለ ኮራ። እነዚያ ልጆች ካሜራውን የከፈቱት ለቁም ነገር ይመስላችኋል? ለጨዋታ ነዋ!

እንዲያውም ልጨምርላችሁ። በ1969 ኬን ቶምሰን የሚባል አሜሪካዊ ስፔስ ትራቭል የተባለ የራሱን ጌም የሚያጫውትበት ቢያጣ አንድ ጥግ የተጣለ ኮምፒዩተር ላይ ለማስኬድ መታገል ጀመረ። ከዚያ ትግል ዩኒክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተወለደ። ሊኑክስ የዩኒክስን መንገድ ተከትሎ በ1991 መጣ፣ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ደግሞ በሊኑክስ ላይ ተሠራ። ቶምሰንን ያን ጊዜ አንድ ጋሼ አግኝተውት ቢሆን ኖሮስ?

ልጁ መልአክ ነው አላልኩም። ጌሞቹ በፍላሽ የተገለበጡ እንጂ የተገዙ አይደሉም፣ ለዚህ አልሟገትለትም። ከክፍል ፎርፎ የሚመጣ ተማሪ አለ ካላችሁም እውነት ነው፤ እሱ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው፣ በሩን መዝጋት ይበቃል። ደግሞ እባካችሁ ጌም ቤትን ከስፖርት ውርርድ ቤት ጋር አትደምሩብኝ። እዚያ የሚበላው የቤት ኪራይ ነው፣ እዚህ ግፋ ቢል የሻይ ብር።

አዎ፣ ጋሼን ረሳኋቸው። የኔ ደብዳቤ ታትሞ ተራቸው ሲደርስ ፍላሻቸው ተሰካ፤ ፋይሎቻቸው ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ያው የምታውቁት ቫይረስ ነው። ጋሼ ላብ በላብ ሆኑ፣ በሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። ልጁ ምንም ሳይናገር ማሽኑን ዘግቶ እንደገና አስነሳው፤ ጥቁሩ ስክሪን ሲመጣ «ጌም» የሚለውን ተጫነ። ፍላሹን ከፈተው። ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ተደርድረዋል።

«ሦስት ሦስት ኮፒ አድርግልኝ» አሉት ጋሼ።