ለተገጣጠመ ቬስፓ ዋሱ ማን ነው?

ታላቅ ወንድሜ ከምናለሽ ተራና ከየጋራዡ ጓሮ ዕቃ እየለቀመ አንድ የጥንት ቬስፓ በመገጣጠም ላይ ይገኛል፤ እኔም መፍቻ አቀባዩ ነኝ። አባታችን «ጊዜ ማባከን ነው» ይላሉ፤ ጓደኞቹ ደግሞ «ቀለሙ ምን ይሆን?» እያሉ ይጠይቁታል። ቀለም ተቀብቶ ቢያገኘው ወዲያው እንደሚገዛው የነገረው ሰውም አለ። በእኔ አስተያየት ግን ሁሉም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል፤ ይኸውም ለተገጣጠመ ቬስፓ ዋሱ ማን ነው የሚለው ነው።

ፋብሪካ ለሠራው ዕቃ ፋብሪካው ዋስ ነው። በኢጣልያ አገር በፖንቴዴራ ከተማ የሚገኘው የፒያጆ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ቬስፓን ሲያወጣ፣ ንድፉን የሠሩት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባሉ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ። የመጀመሪያው ሞተር 98 ሲሲ ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ፍሬኑም ጎማውም ለዚያው ተመጥኖ ተሠራ። ገጣጣሚ ግን የአንዱን አካል፣ የሌላውን ሞተር፣ የሦስተኛውን ቸርኬ ያገናኛል። በቀድሞው አካል ላይ ኋላ የመጣውን ባለ 200 ሲሲ ሞተር ቢያስርበት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ፍሬኑ ግን ያው የጥንቱ ነው። መሮጥን ጨምሮ መቆምን የረሳ ሰው ምን ይባላል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ላሜራው ነው። ላምብሬታ የተባለው የቬስፓ ተወዳዳሪ ከውስጥ የብረት ቱቦ አለውና ላሜራው ልብሱ ብቻ ነው። የቬስፓ ላሜራ ግን ልብሱም አጥንቱም ነው። ስለዚህ ወለሉን ዝገት ከበላው አጥንቱ ተበላ ማለት ነው። ይህን በስቱኮ ደፍኖ በቀለም ማሳመር ያልታጠበ ቁስልን በነጠላ እንደ መሸፈን ይቆጠራል።

ዕቃ መምረጥም ዕውቀት ይፈልጋል። በከተሞቻችን ስሙን ለባለሦስት እግሩ ያወረሰው የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር፤ ፈቃዱ ካበቃ በኋላም ቼታክ የተባለውን አወጣ። በዚህ ምክንያት የሁለቱ ዕቃዎች ወንድማማች ይመስላሉ። መምሰል ግን መግጠም አይደለም፤ ሳይለካ የገዛ ገንዘቡን ጥሎ ይመለሳል። እንዲሁም የቬስፓ ቸርኬ በቡሎን የተያያዘ ሁለት ግማሽ ስለሆነ ጎማውን ሳያስተነፍስ ቡሎኑን የሚፈታ ሰው ለራሱም ለአጠገቡ ላለውም አደጋ ያመጣል።

ወላጆቻችን ሆይ! ይህ ሥራ ጊዜ ማባከን ነው ብላችሁ አትፍረዱብን። ሞተሩ 2 በመቶ ዘይት ሲፈልግ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ብሎ ማስላት ሒሳብ ነው። ዝገት እንዴት ብረትን እንደሚበላ መረዳት ኬሚስትሪ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ መምጣታቸውን ማወቅም የታሪክ ትምህርት ነው። በደብተር የተጻፈውን በእጅ መፈተን ዕውቀትን ያጸናል እንጂ አያጠፋም።

እናንተም ጓደኞቼ፣ ቀለሙን ከመጠየቃችሁ በፊት ወለሉን አንኳኩ፤ ፍሬኑን ሞክሩ። የሥራው ቅደም ተከተል አስቀድሞ አካሉ፣ ቀጥሎ ቸርኬና ፍሬኑ፣ ከዚያ ሞተሩ፣ በመጨረሻ ቀለሙ ሊሆን ይገባዋል። ሥራው ሲያልቅም ያልገጣጠመው ሌላ መካኒክ ቢመረምረው መልካም ነው፤ ሰው የገዛ እጁን ሥራ ጉድለት ቶሎ አያይምና።

ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢቸኩልም ወንድሜ የወለሉን ላሜራ ቆርጦ አዲስ ሳያስበይድ እንዳይሸጠው አጥብቄ እመክረዋለሁ። ለተገጣጠመ ቬስፓ ዋሱ ሠሪው ራሱ ነው። ታናሽ እህቱን ከኋላ አስቀምጦ የእንጦጦን ቁልቁለት ሊወርድበት የማይደፍረውን ቬስፓ፣ ለሰው ልጅ ሊሸጥ አይገባውም።