አንዱ ጽፎ ሌሎቹ የሚፈርሙበት ቡድን

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ ቡድን ሥራ ማንሳት ከባድ ነው። ዘንገና ሐይቅ ካለበት ከባንጃ ወረዳ እስከ ዳንግላ፣ ጥቂት ዓመት ያስተማረ ሰው ሁሉ ቃሉን ሲሰማ ቀድሞ ትዝ የሚለው 1 ለ 5 ነው። ፊቱም ወዲያው ይለወጣል። አልፈርድበትም። ግን የቡድን ትምህርት በ1 ለ 5 ጥፋት ተከሶ ከክፍል መባረሩ ልጆቻችንን እየጎዳ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለወጣት አንባቢ ነገሩን ላስታውስ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ፣ አርሶ አደሩ በ1 ለ 5 ተደራጀ፤ እናቶች በጤናው በኩል ተደራጁ፤ ተማሪውና መምህሩም «የትምህርት ልማት ሠራዊት» ተብለው ተከተሉ። ፈጣን የሚባል ተማሪ መሪ ይሆናል፣ መካከለኛና ዘገምተኛ የተባሉ አምስት ከሥሩ ይመደባሉ። ቡድኑ በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። መምህሩ ቃለ ጉባኤውን ይሰበስባል፣ ርዕሰ መምህሩ ያጠናቅራል፣ ከወረዳ የመጣው ሱፐርቫይዘር ፋይሉን ይፈትሻል። ቀበሌ ውስጥ ያው አደረጃጀት ማን ምን እንደሚል ማዳመጫ ነው ብሎ ሕዝቡ ይጠረጥረው ስለነበር፣ ጥርጣሬው ክፍል ድረስ ገባ። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አደረጃጀቱ ቀስ በቀስ ሲከስም ያዘነለት መምህር አላጋጠመኝም።

የተረሳው ነገር ግን አለ። 1 ለ 5 ልጆችን በአንድ ላይ አስቀምጧል እንጂ አብረው የሚማሩበት ሥራ አልሰጣቸውም። ቡድኑ የሚለካው አባላቱ ምን ተማሩ በሚል ሳይሆን ስንት ጊዜ ተሰበሰቡ በሚል ነበር። ይህ ልማድ ስሙን ቀይሮ ዛሬም አለ፤ ተማሪዎቹ «ግሩፕ አሳይመንት» ይሉታል።

ዘንገና አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀምጬ ነበር። መምህሩ ስለ ኦስሞሲስ ጥያቄ ሰጥተው ስድስት ስድስት ሆነው እንዲሠሩ አዘዙ። ከፊቴ ባለው ቡድን መጽሐፉ አንድ ነው፤ እሱም በአንዲት ልጅ እጅ ነው። እሷ ታነባለች፣ እሷ ትጽፋለች። አጠገቧ ያለው ልጅ እስክሪብቶ ያቀብላል፣ ሦስተኛው በመስኮት ያያል፣ ከኋላ ያሉት ጨዋታ ይዘዋል። ስትጨርስ ወረቀቱ ዞረ፤ ሁሉም ስማቸውን ከነተራ ቁጥራቸው ጻፉ። ለስድስቱም እኩል ማርክ ተሰጠ።

ደወል ሊደወል ሲል ግን እስክሪብቶ ያቀብል የነበረው ልጅ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም በአዊኛ መለሰችለት፤ በእጇም የምትልጥና የምትቆርጥ እየመሰለች ታሳየው ነበር። በኋላ ምን እንዳለችው ጠየቅኳት። ድንች ቆርጠህ ጨው ውኃ ውስጥ ብታቆየው እንደሚለሰልስ አታውቅም ወይ፣ ውኃው ከድንቹ ወጥቶ ወደ ጨዋማው ይሄዳል፣ ኦስሞሲስ ማለት እሱ ነው ብላው ነበር። ድንች የዚህ አገር ልጅ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰብል ነው። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ያየሁት እውነተኛ የቡድን ትምህርት ይህ ብቻ ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማርክም አልተያዘለትም።

የአዊ ልጅ በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ ይማራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መምህሩን በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ ያፍራል፤ በአማርኛም ቢሆን በስድሳ ተማሪ ፊት እጅ ማውጣት ይከብደዋል። የዴስክ ጓደኛውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለመጠየቅ ግን አያፍርም። የቡድን ሥራን ካስወገድን ይህ ልጅ የሚጠይቅበትን ብቸኛ በር ዘጋንበት ማለት ነው።

የቡድን ትምህርትን በውጭ አገር ያጠኑ ሰዎች ሁለት ነገር አጥብቀው ይናገራሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ወንድማማቾቹ ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ደግሞ ሮበርት ስላቪን ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ጉዳይ ነው። አንደኛ፣ ቡድኑ አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው የጋራ ግብ ይኑረው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ይጠየቅ። ሁለተኛው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማወቅ ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገውን ሙከራ ማየት ይበቃል። ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ለካቸው፤ ስምንት ሰው አብሮ ሲጎትት የእያንዳንዱ ጉልበት ለብቻው ከሚጎትተው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ልጆቻችን ከሌላው ሕዝብ የተለየ ስንፍና የለባቸውም። የማን እጅ እንደላላ የማይታይበት ሥራ ሁሉንም ያላላል።

የልጆቻችን ወላጆች ይህን ችግር በእርሻ ላይ ፈትተውታል። በወንፈል ዛሬ የአንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን፤ የሁሉም ማሳ ተራው ይደርሳል፣ የቀረ ሰውም ይታወቃል። የክፍል ቡድን እንዲህ መሆን አለበት። እኛ ግን የአንዲት ልጅ ጉልበት አምስት ማሳ እንዲያርም አድርገን ትብብር ብለን ጠራነው።

ለመምህር የሚሆን አንድ የተፈተነ አሠራር ልጥቀስ። ኤልየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የጀመረው ነው። ጥቁርና ነጭ ልጆች ገና አንድ ክፍል መግባታቸው ነበርና ጠቡ በርትቷል። አሮንሰን ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ክፋይ ሰጠ። ተመሳሳይ ክፋይ የደረሳቸው ልጆች ከየቡድኑ ወጥተው አብረው ያጠናሉ፤ ከዚያ ወደየቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ሌላው ያጠናውን የሚሰማው ከዚያ ልጅ አፍ ብቻ ስለሆነ ማንንም መናቅ አያዋጣም። በመጨረሻ ሁሉም በሙሉው ትምህርት ለየብቻቸው ይፈተናሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አምስት ቁራጭ ወረቀትና መምህሩ ማታ የሚያዘጋጀው ትንሽ ሥራ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ ባዕድ ሊሆን አይገባም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል፤ በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው ያስረዳል። የኔታ ብቻቸውን ያን ሁሉ ተማሪ አይችሉትም ነበር። ያስረዳው ልጅም አንድም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ትምህርቱ የሚጸናለት ሲያስረዳ ነው። ልጄ ለሌላው ሲደክም ወደ ኋላ ይቀራል ብለው ለሚሰጉ ወላጆች መልሴ ይኸው ነው።

መምህራን ክፍሉ ጠቧል፣ ተማሪው በዝቷል፣ ምዕራፉ ሳያልቅ ፈተና ይደርሳል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ዴስክ እያዞሩ ክብ መሥራት ጊዜ ይበላል። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ግን ከቦታቸው ሳይነሱ ቡድን ናቸው። አምስት ደቂቃ ተሰጥቷቸው እርስ በርስ ያስረዱ፤ ከዚያ መምህሩ መጠራቱን ያልጠበቀ ልጅ ስም ጠርቶ ይጠይቅ። ልጁ ከመለሰ ዴስኩ ተማረ፤ ካልመለሰ ሌሎቹ ሥራቸውን አልሠሩም።

ይህን ዛሬ የማነሳበት ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በአማራ ባለው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ዋለ! ሲመለሱ አንዱ ዓመት፣ ሌላው ከዚያ በላይ አምልጦታል፤ ሁሉም ግን አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ከጦርነቱ በፊትም ደኅና አልነበርንም። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላም በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። እንዲህ የተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ ልጆችን አንድ መምህር በሰሌዳና በጠመኔ ብቻ አይደርስላቸውም። የዴስክ ጓደኛ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ የአዊ ዞን ትምህርት መምሪያና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከመምህሩ የቡድን ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ እንዳይጠይቁ እለምናለሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ ፋይል ከሚያገላብጥ ክፍል ገብቶ አንድ ልጅ አስነስቶ ይጠይቅ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለእጩ መምህራን ስለ ዘዴው ማስታወሻ ከመስጠት አልፈው በዘዴው ያስተምሯቸው፤ በኮሌጅ ቆይታው ሁሉ አንዱ በጻፈው ስሙን ሲያስገባ የኖረ እጩ ሌላ ማስተማሪያ አያውቅም። መምህራን ሆይ፣ እናንተም ለስድስት ልጅ አንድ ማርክ መስጠት ዛሬውኑ አቁሙ።