ዩኒየን ያለበት የትራክ ሥራና የአማኝ ሕሊና

እዚህ አሜሪካ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ረቡዕ ማታ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ «መንገድ ላይ ላሉ ወንድሞቻችን» የማይባልበት ሳምንት የለም። ከታክሲ ወደ ትራክ የተሻገረው ብዙ ነውና። እንጸልይላቸዋለን፤ መልካም ነው። ስለሚፈርሙት ወረቀት ግን አንነጋገርም።

በቅርቡ አንድ ወንድም ዩኒየን ያለበት ኮምፓኒ ማመልከቱን ሲነግረን፣ ከመካከላችን አንዱ «አማኝን ከዩኒየን ጋር ምን አገናኘው? እግዚአብሔር አይበቃውም?» አለው። ሁላችንም ዝም አልን። እኔም ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ ሲዲኤል እንዳወጣሁ የፈረምኩት፣ የትራኩ ዋጋ በየሳምንቱ ከገቢዬ እየተቆረጠ በመጨረሻ የራሴ ይሆናል የተባልኩበትን ሊዝ ነበር። የነገሩኝ ጠቅላላ ገቢውን ነው። ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናውና የትራኩ ክፍያ ሲቀነስ ግን ባለዕዳ ሆኜ ያደርኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። ክፍያው በማይል ስለሆነ መጋዘን በር ላይ ስድስት ሰዓት ብጠብቅ አንድ ሳንቲም የለም። ሕጉ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትን፣ ሥራ ከጀመሩ ከ14 ሰዓት በኋላም መሪ መያዝን ይከለክላል፤ በር ላይ የቆምኩበት ሰዓት ከዚያው ከ14ቱ ይቆጠርብኛል። ስለዚህ የባከነውን ለማካካስ እጣደፋለሁ። አንድ ሌሊት ዋዮሚንግ ውስጥ ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ጎማዬ የመንገዱን ዳር ስርጉድ መስመር ነክቶ ሲያንጓጓ ነቃሁ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጌታ እንዳተረፈኝ መሰከርኩ። ዛሬም ያተረፈኝ እርሱ ነው እላለሁ። ለምን መሪ ላይ እንዳንቀላፋሁ ግን አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

አሜሪካ በ1938 ያወጣችው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሕግ ከክልል ክልል ጭነት የሚያመላልሰውን ሹፌር አያካትትም። ስለዚህ አብዛኛው ትራክ ነጂ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ውሉ ውስጥ ከተጻፈለት ብቻ ነው። ያንን የሚያስጽፈው በአብዛኛው በ1903 የተመሠረተው ቲምስተርስ ነው። ታሪኩ ንጹሕ ነው አልልም፤ በ1964 የጭነት ሹፌሮችን በአንድ አገር አቀፍ ውል ያሰባሰበው መሪው ጂሚ ሆፋ፣ በዚያው ዓመት የጁሪ አባላትን ለመደለል በመሞከር ጥፋተኛ ተብሏል። ይህን ያነሳሁት ዩኒየንን ጽዮን እንዳናደርገው ነው።

ግን መብትን መጠየቅ ማጉረምረም ነው ወይ? ዘኍልቍ 27ን አንብቡ። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ፣ በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አብረው ቆመው ድርሻቸውን ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም ልክ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። ያጉረመረሙት ግን፣ ዘዳግም 1 እንደሚነግረን፣ በየድንኳናቸው ተደብቀው ነው። እኛ ሹፌሮች ድንኳናችን ትራክ ስቶፕ ነው። ዲስፓቸሩን ስናማ እናድርና ጠዋት ያንኑ ሎድ እንይዛለን። ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የሚናገሩት ዘዳግም 24ና ያዕቆብ 5 ደግሞ ለአሠሪዎች ብቻ የተጻፉ ይመስል ዘለናቸዋል።

እንግዲህ የት ይገኛል ለምትሉ፦ ዩፒኤስ፣ ኤቢኤፍ ፍሬይት፣ ትልልቅ የግሮሰሪ መጋዘኖች አካባቢ ፈልጉ። ባለሁለት ተሳቢና የአደገኛ ጭነት ፈቃድ ሲዲኤላችሁ ላይ ቢኖር ይረዳል። ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ውስጥ ትልቁ ትራክ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ቀድሞ ውስጥ ለገባ ነው፤ በግማሽ ቀን ዕቃ ጫኝነት ጀምሮ ዓመታት የጠበቀ አለ። ሁሉም በሲኒየሪቲ ስለሆነ አዲስ ሰው ሌሊቱና ቅዳሜና እሑዱ ይደርሰዋል። እሑድ ከአምልኮ መቅረት ለአማኝ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ያ ተራ አንድ ቀን እንደሚያልፍ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ሊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አልነበረም።

መዋጮው በወር የሁለት ሰዓት ተኩል ደመወዝ ያህል ነው። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ያላችሁ ባትከፍሉም ሥራችሁን አታጡም፤ ውሉም ይጠብቃችኋል። እኔ ግን ሌላው በከፈለበት ማዕድ በነፃ መብላት ለአማኝ አያምርም ባይ ነኝ።

ዩኒየን ዋስትና ነው ብላችሁም አትደገፉበት። የሎው የተባለው ኮምፓኒ በ2023 ሐምሌ ማብቂያ ሲዘጋ ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጥቷል፤ ከእነዚያ 22,000 ያህሉ የቲምስተርስ አባላት ነበሩ።

ያ ወንድም ተጠርቶ ገብቷል። ለጊዜው የሌሊት ጭነት ላይ ስለሆነ ረቡዕ አይመጣም። ያን ቀን ዝም በማለቴ ይቅርታ ልጠይቀው ስደውል ፎርክሊፍት ላይ ነበር። «እረፍቴ ላይ ልደውልልህ፣ የሚከፈልበት ነው» ብሎኝ ሳቀ። እኩለ ሌሊት ላይ ደወለ።