ከምድር የወጣው ሀብት በማን መዝገብ ይቀነስ?
ዱባይ በፈረንጆቹ 1966 ነዳጅ አገኘች፤ ሻርጃ በ1970ዎቹ ተከተለች፤ አጅማን ግን ይህ ጸጋ አልደረሳትም። ከጉድጓድ የሚወጣ ሀብት ገቢ ቢሆንም የጥሪት መጉደል ጭምር ነው።

የዓለም ባንክ ይህን ጉድለት ከብሔራዊ ገቢ አንጻር በመቶኛ ያሰላል፤ ነዳጅን ለብቻ፣ ወርቅና መዳብን የመሳሰሉ ማዕድናትን ለብቻ። በዴይራ የወርቅ ገበያ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ለኤምሬትስ ንግድ ነው፤ ጉድለቱ የሚመዘገበው በተቆፈረበት ሀገር ነው። በኮንትሮባንድ የወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በገቢም በጉድለትም ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ ወርቅ አምራቿ ኢትዮጵያ «ስንት ኪሎ ላክን?» ከሚለው ጋር «በጎደለው ምትክ ምን ተከልን?» ብላ ልትጠይቅና መልሱን በየዓመቱ ከበጀቷ ጋር ለሕዝብ ልታቀርብ ይገባል። ዱባይ ነዳጇ ሳያልቅ በ1979 የጀበል አሊን ወደብ ከፍታለች።